በቀይ ቆዳ የተሰፉት ሐኪም

ከቤተሰቡ አንድ ዝነኛ ሰው የወጣለት ዘመድ፣ ከዚያ ሰው በኋላ ሌላ ዐዋቂ የሚያስፈልግ አይመስለውም። እርሻ ያለው ያርሳል፤ ጀልባ ያለው ይቀዝፋል፤ ዝነኛ አያት ያለው ምን ይሥራ? ያወራል። የእኛ ቤተሰብ መቶ ዓመት ሊሆነው ነው ሲያወራ። ወሬው ሲያልቅበት ከመጀመሪያው ይጀምራል።

የሚወራላቸው ሰው የአያቴ አያት ናቸው። ባሕር ማዶ ተሻግረው ሕክምና ተምረው የተመለሱ፣ በዘመናቸው ስማቸው ከጎንደር እስከ ደብረ ማርቆስ የተጠራ ሐኪም ነበሩ። እኛ «አባባ ሐኪም» እንላቸዋለን። ከሕክምናው ሌላ አንድ አመል ነበረባቸው ይባላል፤ ደብዳቤ መጻፍ። ለሹም ይጽፋሉ፣ ለባልንጀራ ይጽፋሉ፣ ለሙያ ጓደኛ ይጽፋሉ። የላኩትን ሁሉ ግልባጭ እያስቀሩ፣ የመጣላቸውን መልስ እየጨመሩ፣ አንድ ሣጥን ሙሉ ትተው ሞቱ።

እንዲህ ያለ ሣጥን የወረሰ ቤተሰብ ምን ያደርጋል? ያነበዋል ካላችሁ የእኛን ሰዎች አታውቋቸውም። ልጆቻቸው ደብዳቤውን እንደ ርስት ዕጣ ተጣጥለው ተካፈሉት። ከዚያም የእንዲህ ያለ ፈዋሽ እጅ የነካው ወረቀት ራሱ መድኃኒት ነው ብለው፣ እያንዳንዱን አራት አጥፈው በቀይ ቆዳ አሰፉትና አንገታቸው ላይ አሰሩት። ደብዳቤው ክታብ ሆነ ማለት ነው። ክታብ ደግሞ አንዴ ከተሰፋ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ኃይሉ ይሄዳል፤ ከፋቹንም አንድ ነገር ሳያገኘው አይቀርም። ይህ ሕግ ለዘመዶቼ እንዴት እንደተመቻቸው! ሳያነቡ ለመኩራት ከዚህ የተሻለ ሰበብ አልተፈጠረም።

ሰባታሚት መንደር የሚኖሩት የአያቴ ወንድም፣ ጋሽ ይርዳው፣ ወገባቸውን ስለሚያማቸው የደረሳቸውን ክታብ ወገባቸው ላይ ታጥቀዋል። በውስጡ አንድ የባሕር ማዶ ንጉሥ ለአባባ ሐኪም የጻፈው ምስጋና አለ ይላሉ። አንድ ቀን ልብሳቸው ገለጥ ሲል፣ ስፌቱ በለቀቀበት ጥግ በኩል «ጫማው ጠቦኛልና» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ንጉሥም እግር አለው ብዬ ዝም አልሁ።

ዝም ማለት ልማዴ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሰው ፊት መናገር አልችልም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም። «ፈሪ ለናቱ» ይባላል፤ እኔ ለእናቴም ቢሆን የምናገረው ሁለት ቀን ካሰብሁበት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው የምንቀው በሆዴ ብቻ ነው። በሆዴ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያልናቅሁት ዘመድ የለኝም።

ባለፈው መስከረም፣ ሐይቁ ዳር ደንገሉ አጠገብ የምትኖረው አክስቴ እታለማሁ፣ የአራት ዓመት ልጇ ሚኪ ታመመባት። አንድ ቀን ያተኩሰዋል፣ አንድ ቀን ደህና ሆኖ ይውላል፣ በማግስቱ እንደገና ያንቀጠቅጠዋል። ጤና ጣቢያው በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። አክስቴ ግን አባባ ሐኪምን የሚያህል ሰው ልጇ አንገት ላይ አስራ ጤና ጣቢያ መሄዱን እንደ ስድብ ቆጠረችው። እናቴ ሄዳ ብትለምናት፣ የሐኪም ዘር በነርስ አይታይም ብላ መለሰቻት። እናቴ በንዴት ተመልሳ፣ ቢያንስ ሄጄ ልጁን እንዳስታምም እኔን ላከችኝ።

አክስቴ ሰውነቱን በእርጥብ ጨርቅ እንዳብስለት አዝዛኝ ወደ ገበያ ወጣች። ፊቱን አበስሁ፣ ደረቱን አበስሁ፣ አንገቱ ላይ ስደርስ ጨርቁ የክታቡን ማሰሪያ ያዘው። ሳብሁት። የሦስት ትውልድ ላብ የጠጣ ክር ምን አቅም አለው? ተበጠሰ። ስፌቱ ተተረተረ፤ ወረቀቱም ወለሉ ላይ ወደቀ።

ከፋቹን የሚያገኘው ነገር እስኪያገኘኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አንዲት ትንኝ ክንዴ ላይ ከማረፏ በቀር የመጣ የለም። ያን ጊዜ ወረቀቱን ዘረጋሁት። አባባ ሐኪም ሐይቁ ዳር ለሚኖር ወዳጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ግልባጭ ነበር፤ ማኅተማቸውም ግርጌው ላይ አለ።

«የልጅህ ሕመም ወባ ነው። ኪኒን ልኬልሃለሁና ሳታጓድል አስውጠው። አንገቱ ላይ ያሰርህለትን ክታብ ግን ፍታና እሳት ውስጥ ጣለው። ወረቀት ትኩሳት የሚያወርድ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ይህን ያህል ዘመን በትምህርት ባልደከምሁ፤ ደብዳቤ እየጻፍሁ አገሩን ሁሉ በፈወስሁት ነበር።»

ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ደነገጥሁ፤ በሁለተኛው ሳቄ መጣ፤ በሦስተኛው ሚኪን አየሁት፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሳቄ ቆመ።

ልንገራት? ክታቡን ቀድጄብሻለሁ ልበላት? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ እኔ ልደብቅ የተዘጋጀሁት የሰው በሽታ ነበር። ጀግንነቴን እንድታደንቁልኝ አልዋሽም፤ መርፌ ፈልጌ ክር አስገብቼ ነበር። ወረቀቱን አራት አጥፌ፣ ቆዳውን መልሼ ልሰፋው፣ ማንም ሳያውቅ ቤቴ ልገባ። ሚኪ ግን በእኩለ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ «እታዬ፣ በረደኝ» አለኝ። መርፌውን አስቀመጥሁት።

አክስቴ ገባች። ቀና ብዬም አላየኋትም። ወረቀቱን ይዤ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ።

«ማን ፍቺው አለሽ?» አለች፤ ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ።

ማንበቤን ቀጠልሁ። ድምፄ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ነበር፤ ግን አላቆምሁም። እስከ ማኅተሙ ድረስ ጨረስሁት።

«እሳቸው ራሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት?» አለች።

«እሳቸው ናቸው አክስቴ። ማኅተማቸውም አለ።»

ወረቀቱን ተቀብላ ሳመችው፤ ግንባሯንም አስነካችው። «ይህን ሁሉ ዘመን አንገታችን ላይ ሆነው ሲጮኹ ሳንሰማቸው!» ብላ ልጇን አቅፋ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። እናቴ የለመነቻትን አልሰማችም፤ ክታቡ ሲያዛት ግን አላቅማማችም። ቢሆንም ሄዳለች፤ እኔም በሆዴ አባባ ሐኪምን አመሰገንሁ።

የሚኪን ጣት ወጉት፤ ወባ ነው አሉ። ኪኒን ሰጡት፤ ከሦስት ቀን በኋላ እንዲታይም ቀጠሮ ካርድ ላይ ጻፉለት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወርዶ ዓሣ ጥብስ አምጡልኝ አለ። ወሬው ሰባታሚት ደረሰና ጋሽ ይርዳው ክታቡ ተናገረ እያሉ ደወሉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፍሬ፣ እርስዎስ የእርስዎን ለምን አይከፍቱትም ብዬ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ይርዳው፣ «አንቺ ልጅ፣ ንጉሥ እንዲህ በዋዛ አይከፈትም» አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን አብሬ ሄድሁ። ነርሷ ሚኪን አየችው፤ ደሙንም መረመሩት፤ ድኗል። ልትመዘግብለት ካርዱን ጠየቀች። አክስቴ ፈገግ ብላ የልጁን የሸሚዝ ቁልፍ ፈታችው። አንገቱ ላይ አዲስ ቀይ ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ ሽታው ገና አልለቀቀም።

«እዚሁ አለ» አለች። «ከአባባ ሐኪም ጋር አንድ ላይ አሰፋሁለት። የሁለት ሐኪም ሆነለት።»

አባባ ሐኪም እሳት ውስጥ ጣሉት አላሉም ወይ ብዬ በጆሮዋ ሹክ አልኋት። እሱማ ደብተራ የጻፈውን ክታብ ነው እንጂ የራሳቸውን ነው እንዴ አለችኝ፤ በእኔ ሞኝነት እያዘነች። እነሆ፣ ለሙያ ጓደኛ መጻፍ የሚወዱት ሰውዬ፣ መቶ ዓመት ቆይተው ከጤና ጣቢያ መልስ አገኙ፤ ሁለቱ ወረቀቶች ልጁ ደረት ላይ ፊት ለፊት ተኝተዋል፤ የሚያነባቸው ግን የለም።

ነርሷ አንዴ ክታቡን፣ አንዴ እኔን አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። ነርሷ ክታቡን ከፍታ ካርዱን እንድታወጣላት አክስቴን ለመነቻት።

«የተሰፋ አይከፈትም እኮ እህቴ» አለች አክስቴ።

ነርሷ ተነፈሰችና ሌላ ካርድ ጻፈች። አክስቴ በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነቻትና፣ ቀስ አድርጋ አራት አጠፈችው።