የእሑድ ቤንዚን

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤቴ መኪናውን ከግቢው እስከ አስፋልቱ እየገፋ ሲያወጣ አየሁት። ተበላሽታበት ይሆናል ብዬ ላግዘው ጠጋ አልኩ። «አልተበላሸችም ጋሼ፤ ከአስፋልቱ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ እዚያ ድረስ ቤንዚን ለምን ትጠጣብኝ ብዬ ነው» አለኝ። አልሳቅሁበትም። እንዴት እስቃለሁ? እኔ እኮ ከእሱ የባስኩ ሰው ነኝ። ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ዲላ ውስጥ ነው። ያኔ የአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣልያን መካኒክ ላይ አንዲት ድቡልቡል ሰማያዊ መኪና ገዛሁ። የፊት ወንበሯ ሁለት ሰው ይይዛል፤ የኋላዋ ደግሞ ለሁለት ፍየል የሚበቃ ነው፣ ያውም ካልተጣሉ። ቢሆንም መኪና መኪና ነው። በዚያን ጊዜ ዲላ ላይ ባለመኪናውን በጣት ትቆጥሩታላችሁ። ሰው መኪናዬን በድምጿ ያውቃታል፤ ገና ከሩቅ «ይልማ መጣ» ይላል።

ቤት ውስጥ ሦስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ ታደለችና እናቴ። ታደለች ይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው የኮንጋ ልጅ ናት። ሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። በሳምንት ሁለት ጠዋት ክሊኒክ እየሄደች መርፌ ትቀቅላለች፣ ፋሻ ትጠቀልላለች። ቤት ውስጥ ግን ድምጿ አይሰማም። «ውሃው ፈልቷል»፣ «እሺ እማማ»፣ በቃ። እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንዳትሳሳቱብኝ። ጆሮዋ ግን የሚገርም ነበር። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ መሐሉን የለየው ስስ ጣውላ ነው። እኔ ወዲህ በሐሳቤ ስተክዝ እሷ ወዲያ ሆና «ምን ሆንክ?» ትለኝ ነበር።

እሑድ እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን፣ ታደለችም ከጸሎት ቤቷ ስትመለስ፣ ምሳ በልተን እኔና ታደለች በመኪና እንወጣለን። አንዳንዴ ወናጎ፣ ሲያሰኘን ይርጋጨፌ። ምን ልታደርጉ? ምንም። ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። እናቴ አትመጣም። የቤንዚን ሽታ ያጥወለውላታል፤ አንድ ጊዜ ተሳፍራ ከከተማው ሳንወጣ ወርዳ በእግሯ ተመልሳለች።

ታዲያ ያቺ ዝምተኛ ሴት ከከተማው ጫፍ ስናልፍ አፏ ይከፈታል። አባቷ ስለቡናው ምን እንዳለ፣ ክሊኒክ የመጣው ሕፃን ትኩሳቱ እንዴት እንደበረደ፣ የጎረቤታችን ሚስት ለምን ኩርፊያ ላይ እንደሆነች፣ ይርጋጨፌ እስክንደርስ ትነግረኛለች። ስንመለስ ደግሞ የእኔን ትጠይቀኛለች። እኔ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ይቺ ሴት መኪና ትወዳለች አልኩ።

ከዚያ ቤንዚን ተወደደ። አዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ ተባለ። ዲላም በየደጃፉ ወሬው እሱ ብቻ ሆነ። እኔም ብልሃተኛ ሆንኩ። መጋዘን በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ለሰው ሊፍት መስጠት ተውኩ። ከወናጎ ስመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ በፎሌ እለቃታለሁ፤ መኪናይቱ በራሷ ክብደት ያለ ድምፅ ትንሸራተታለች። አንድ ቀን ታዲያ የእንሰት ቅጠል የተሸከሙ ሽማግሌ ከፊቴ ይሄዳሉ። እኔ መምጣቴን በምን ይስሙ? አጠገባቸው ስደርስ ደንግጠው ከነሸክማቸው ቡናው ውስጥ ገቡ። ወርጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ሸክማቸውን እያስተካከሉ፣ «ስማ ልጄ፣ መኪና ከሆንክ ጩኽ። ሌባ ከሆንክ ደግሞ በእግርህ ና» አሉኝ።

ይህም አልበቃኝ። ተቀምጬ ሳስብ ዋናው ብክነት የእሑዱ ጉዞ ሆኖ ታየኝ። ሥራ የለው፣ ጉዳይ የለው። አንድ እሑድ ምሳ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ የእሑድ መውጣት ቀርቷል፤ በቤንዚኑ ፈንታ ወለሉን ሲሚንቶ እናስደርግበታለን» ብዬ አወጅኩ። እናቴ «አሁን ገና ልብ ገዛህ» ብላ መረቀችኝ። ታደለች ሰሃን አነሳች። እኔም መኪናይቱን በባዶ ጆንያ ሸፈንኳትና የእሑዷን ገንዘብ በዱቄት ወተት ጣሳ ማጠራቀም ያዝኩ።

በሳምንቱ እሑድ ታደለች ጫማዋን አድርጋ፣ ሻሿን አስራ ጆንያው አጠገብ ቆማ አገኘኋት።

«ዛሬም አንወጣም?» አለችኝ።

«ቤንዚኑን እያወቅሽው።»

«እስከ ወናጎ ብቻ።»

«ወናጎ ምን አለ?»

«ምንም የለም» ብላ ሻሿን ፈታች።

ረታኋት። በሚቀጥለው እሑድ «እስከ ከተማው ጫፍስ?» አለችኝ። ሳቅሁ። በሦስተኛው አልጠየቀችም። ለመደችው ብዬ ደስ አለኝ። የባል ደስታ አንዳንዴ እንዲህ ርካሽ ነው።

በእግራችሁ ሽር ሽር እያላችሁ አታወሩም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ዲላን አታውቋትም ማለት ነው። በየአምስት እርምጃው ሰላም የሚል አለ። ሰላም ያለው ደግሞ የት እንደምትሄዱ ይጠይቃል፤ መልሱ ካልጣመው አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ በእግር ከሆነ እናቴም ትመጣለች። እግር ቤንዚን አይሸትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ የክሊኒኩን ድሬሰር፣ መርፌ ወጊውን አቶ ሳሙኤልን አገኘኋቸው። ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ብሎብኛል።

«አቶ ይልማ፣ በቤትዎ ነገር አልገባም። ግን ወይዘሮ ታደለችን መከልከልዎ አሳዝኖኛል» አሉኝ።

«ምን ከለከልኳት?»

አቶ ሳሙኤል እኔን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ይርጋለም ላይ የድሬሰርነት ኮርስ ተከፍቷል። ክሊኒኩ አንድ ሰው እንዲልክ ተጠይቆ እሷን መርጧል። አንድ ዓመት እዚያው ማደር አለባት፤ ስለዚህ ባል መፍቀዱን የሚፈርምበት ወረቀት ተሰጥቷታል። መመዝገቢያው ደግሞ ትናንት ዓርብ አበቃ። «ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት» አሉ። «‹እሑድ እነግረዋለሁ› ነበር መልሷ። እኔ የትኛው እሑድ እንደሆነ አላወቅሁም። አምስት እሑድ አለፈ።»

ወደ ቤት እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ስደርስ ታደለችና እናቴ ትይዩ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። አፌን ከፈትኩ። እናቴን አየሁ። አፌን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔም የምጠይቅበት ቦታ የለኝም። ወጥቼ ጆንያውን ገፈፍኩና «ነይ» አልኳት። እናቴ ወዴት እንደሆነ ስትጠይቅ ሞተሩን አስነሳሁ።

ከከተማው ጫፍ ስናልፍ መኪናዋን ጥግ አስያዝኩ። ታደለች ነገሩን ከፊቴ አንብባዋለች። ስንወጣ አንስታው ከመጣችው መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«የት ልንገርህ?» አለችኝ።

በቁጣ አልነበረም። መንገድ የጠፋበት ሰው እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀችኝ። እናቴ ፊት ‹ቤቱን ትቼ አንድ ዓመት ይርጋለም ልደር› ብላ ልትጀምር አትችልም፤ ሳትጨርሰው መልሱ በእናቴ አፍ ይመጣል። ያ ጉዳይ መጀመሪያ ሁለታችን ብቻ ሆነን የሚነገር ነበር። ሁለታችን ብቻ የምንሆንበትን ቦታ ደግሞ እኔ በጆንያ ሸፍኜዋለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ አይደል?

ሰኞ ጣሳውን ገልብጬ ቤንዚን ሞላሁና ይርጋለም ሄድን። አንድም ቁልቁለት ላይ ሞተር አላጠፋሁም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መዝጋቢው መነጽር ያደረገ ትሑት ሰው ነበር። ወረቀቷን አገላብጦ አየና «ዝርዝሩ ሄዷል፤ ለምን ዘገያችሁ?» አለን። ታደለች መሬት መሬት ታያለች። እኔ «ቤንዚን ተወዶ ነው» አልኩት። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «ከዲላ እኮ በየቀኑ አውቶቡስ አለ» አለኝ።

ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ ዝም አለች። መኪና ውስጥ ዝም ስትል የመጀመሪያዋ ነው። «ለከርሞ ትገቢያለሽ» አልኳት፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከርሞ ግን ዘመኑ ተለወጠ፤ ኮርሱም አልተከፈተም። ከዚያ ልጆች መጡ። ታደለች እጇ ለስላሳ ነው፣ በሽተኛ ስታይ ፊቷ ይበራል፤ ሌላ ሰው የሚወጋበትን መርፌ እየቀቀለች ብዙ ዓመት ኖረች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከይርጋለም በተመለስን በሦስተኛው እሑድ ይመስለኛል፣ ለቤንዚን የሚሆን ምንም አልነበረኝም። ጆንያውን ገፈፍኩና እዚያው ግቢ ውስጥ በሩን ከፍቼ «ግቢ» አልኳት። ግራ ገብቷት ገባች። መስኮቱን ዘጋን። መሪውን ይዤ ፊት ለፊቴ ያለውን የእንሰት አጥር እያየሁ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳቀች። ቆይታ ስለአባቷ ጉልበት ሕመም ጀመረች። ከዚያ ቀጠለች። እናቴ ሁለት ጊዜ በዙሪያችን ዞረች፤ በመጨረሻ መስኮቱን ቆረቆረችና «የት ደረሳችሁ?» አለችን። ታደለች «ገና እየሄድን ነው እማማ» አለቻት።

አንዲት ጠብታ ቤንዚን አላቃጠልንም። ለካ ሲፈለግ የነበረው የሚዘጋ በር ብቻ ነው። ይህን እነዚያ አምስት እሑዶች ሳያልፉ ባስበው ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

ሰዎች ‹ዝም አይነቅዝም› ሲሉ እሰማለሁ። አይነቅዝም? እስቲ አምስት እሑድ አስቀምጣችሁ እዩት።