የሐይቅ ሰው ጤናማነት በጥናት ሲረጋገጥ

እኛ የሐይቅ ሰዎች ሰላምታ ላይ አንቸኩልም። ደህና ነህ ወይ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ እየተባለ፣ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ሳትቀር ተጠይቃ እስክናበቃ ሐይቁ ዳር ደርሰን እንመለሳለን። መልሱ ግን አንድ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ክርስቲያኑም እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ወባ ይዞት የሚንቀጠቀጠውም ይህንኑ ነው የሚለው። እንግዲህ ከእንዲህ ዓይነት ሕዝብ የጤና መረጃ ልሰብስብ ብሎ የመጣን ሰው አስቡት።

እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ለውጡ ሲመጣ የቢሮዎች ስም ሲቀያየር ባየሁ ጊዜ ጥርጣሬዬ ጨመረ። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ስም ዝርዝር የያዘ ሰው ሁሉ ያስፈራኝ ጀመር፤ ማን ማንን እንደሚፈልግ በማይታወቅበት በዚያ ሰሞን መዝገብ ላይ አለመገኘት ራሱ ትልቅ ጤንነት ነበር። በዚያ ላይ ባለቤቴ ዘሐራ ስኳር አለባት። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ቤቶቹ ባዷቸውን ሲቀሩ የምትወጋው ኢንሱሊን አልቆባት፣ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነበር። ሳስታውሰው አሁንም እፈራለሁ።

ጦርነቱ ጋብ ካለ በኋላ ሰብለ የምትባል ወጣት ታብሌት ይዛ ከደሴ መጣች። አንድ ዩኒቨርሲቲና አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ተባብረው፣ በየአካባቢው ምን ያህል ሰው ቋሚ ሕመም እንዳለበት እያጠኑ ነው አለች፤ መድኃኒቱ በቁጥሩ ልክ እንዲላክ። አያችሁልኝ? ዩኒቨርሲቲና ፋብሪካን ምን አገናኛቸው? አንዱ ያስተምራል፣ አንዱ ይሸጣል። ይህ ነገር በጤናው አይደለም ብዬ ሰፈሩን ዞሬ አስጠነቀቅሁ። የአስተማሪ ነገር ሆኖ ሰው ሰማኝ።

ተራው እኔ ቤት ሲደርስ ዘሐራ ገበያ ወጥታ ነበር። ኢንሱሊኗ ጓዳ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ በያዘ ማሰሮ ተቀብሮ ይቀዘቅዛል። ሰብለ ከቤተሰቡ የታመመ ሰው እንዳለ ስትጠይቀኝ የጓዳውን በር በጀርባዬ ከልዬ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችንም ደህና ነን" አልኳት።

ከወራት በኋላ ውጤቱ ተነገረን። ሐይቅ ላይ ስኳር ያለበት ሰው እምብዛም ስላልተገኘ ኢንሱሊኑ ጎረቤት ከተማ ውጫሌ ጤና ጣቢያ እንዲቀመጥ ተወስኗል። የውጫሌ ሰው ለካ ሕመሙን አንድ ባንድ ተናግሯል። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?

ምን ላድርግ፣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረቤቴ ለቅሶ እየሄድኩ ነው አለኝ። ከኋላ ያለችው ገበያ ነኝ አለች። እኔም ዘመድ ጥየቃ ብዬ አረፍኩት። ውጫሌ ወርደን በየአቅጣጫው ተበታተንን፤ ትንሽ ቆይተን ሁላችንም ጤና ጣቢያው ደጃፍ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። ማንም ማንንም አልጠየቀም። መዝገብ ያዡ አድራሻ ሲለኝ፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄዬ ገደል ገብቶ፣ ውጫሌ ብዬ ዘሐራን በሙሉ ስሟ አስመዘገብኳት።

ባለፈው ሳምንት ሰብለ ተመልሳ መጣች። አሁን ደግሞ አዲስ ጥናት ነው፤ ውጫሌ ላይ የስኳር ሕመምተኛው በየወሩ ሲጨምር ሐይቅ እንዴት ጤናማ ሊሆን እንደቻለ ይመረመራል። ፋብሪካውም ምስጢሩን ለማወቅ ጓጉቷል።

"ጋሼ፣ ዓሣው ይሆን እንዴ?" አለችኝ።

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አዎ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘሐራ ማሰሮዋን ታቅፋ ከጓዳ ወጣችና ሰብለ ፊት አስቀመጠችው። መንገዱ ዳግመኛ ቢዘጋ ውጫሌ ድረስ ማን ይሄድልኛል እያለች ስትጨነቅ መክረሟን አውቃለሁ።

"የኔ ልጅ፣ ስኳር አለብኝ፤ የምኖረውም እዚሁ ሐይቅ ነው። ጻፊኝ" አለቻት።

ሰብለ ጻፈች። ያን ጊዜ ነው ይህ ስም ማን ዘንድ እንደሚደርስ የጠየቅኳት። ፋብሪካው የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው፣ ስም አይደርሰውም አለችኝ። ማመኔን እንጃ። ጥያቄውን ግን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ እችል ነበር።

"እሱንም ጻፊው" አለች ዘሐራ ወደ እኔ እየጠቆመች።

"እሳቸውም ስኳር አለባቸው?"

"የለበትም። የእሱ በሽታ ፎርማችሁ ላይ የለም።"

ሰብለ "ሌላ" የሚል ቦታ አለ ብላ፣ ታብሌቱን ወደ ራሷ አዘንብላ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈችኝ ጠየቅኳት። መረጃው በምስጢር የሚጠበቅ ነው አለችኝ።