የዳባት ውርጭ ኮኪት ላይ

የአየር ትንበያ የሚሰማ ሰው ሁሉ ነገ ዣንጥላ ልያዝ አልያዝ ብሎ የሚሰማ ከመሰላችሁ የመተማዋን ኮኪት አታውቋትም ማለት ነው። እርግጥ ሰሊጥ ሊያጭድ ወይም ሰሊጥ ሊጭን ካልሆነ ወደዚህ የሚወርድ ሰው ጥቂት ነውና አልፈርድባችሁም። እኛ ቆለኞች የትንበያ ወዳጆች ነን። የበልጉ ወራት ገብቶ ራዲዮኑ የየአካባቢውን ዝናብ፣ ውርጭና ሙቀት በተራ መዘርዘር ሲጀምር፣ የመንደራችን ኒም ዛፍ ሥር የተቀመጥን ሁሉ ወሬ አቁመን ጆሯችንን እንሰጣለን። ስለ እኛ ሲነገር ብቻ ማንም አይሰማም።

ምን ይደረግ! «በምዕራብ ቆላማ አካባቢዎች ሙቀቱ ይጨምራል» የሚለውን ለመስማት ባትሪ መጨረስ ምን ይጠቅማል? ይህንንማ ሸሚዛችን ቀድሞ ነግሮናል። ደግሞስ ከመካከላችን «አገርህ የት ነው?» ሲባል ኮኪት ብሎ የሚመልስ ስንት ነው? አንዱ ከወገራ፣ አንዱ ከወሎ፣ እኔ ከጎጃም፣ መሬት ፍለጋ ወርደን እዚሁ ወልደን ያረጀን ነን። እግራችን ቆላ ወረደ እንጂ ጆሯችን ደጋ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ የትውልድ አገሩ እስኪጠራ ይጠብቃል፤ ሲጠራ ቀና ይላል፤ ካለፈ በኋላ ጨዋታውን ይቀጥላል። እኔ ራሴ «ምሥራቅ ጎጃም ጥሩ ዝናብ ያገኛል» ሲባል፣ የማላርሰውን መሬት እያሰብሁ ደስ ሲለኝ ይውላል።

የዚህ በሽታ ዋናው ታማሚ ግን ጎረቤቴ አያ ሞላ ናቸው። በወጣትነታቸው ከዳባት ወርደው፣ ኮኪት ላይ ሰሊጥና ማሽላ ሲዘሩ ሸበቱ። ዳባት ላይ የቀረ ታረቀኝ የሚባል ታናሽ ወንድም አላቸው፤ በመስኖ ድንች ያለማል። ድንች ደግሞ ውርጭ አይችልም፤ አንድ ሌሊት ከመታው ጠዋት ቅጠሉ ጠቁሮ ይገኛል። አያ ሞላም ይህን ስለሚያውቁ፣ ግንባራቸውን ላብ እያጠመቀው ስለ ውርጭ ሲጨነቁ ይከርማሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች ሲደዋወሉ ስለ ጤና አንድ ቃል ይነጋገሩና የቀረው ሁሉ ስለ ሰማይ ነው። እንደሚነፋፈቁ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ሁለት ሽበታም ወንዶች «ናፈቅኸኝ» ከሚባባሉ ሞት ይቀላቸዋልና፣ «እንዴት ነው፣ ደመና አለ?» ይባባላሉ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። መጋቢት ላይ አያ ሞላ ክረምት ሳይደርስ ቤታቸውን በአዲስ ሣር ሊከድኑ አሰቡ። እኛ ጎረቤቶች በወንፈል ተሰብስበን አሮጌውን ክዳን አወረድነው። ቤቱ አናቱን ለሰማይ ሰጥቶ ቀረ። ውስጡ ለመጪው ክረምት ያስቀመጡት የሰሊጥ ዘር በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል። ሰሊጥ አንዴ ከራሰ ይሻግታል፤ ዘሩ ከተበላሸ አያ ሞላ ያን ዓመት የሚዘሩት የላቸውም። ግን በመጋቢት፣ በመተማ፣ ዝናብ የሚያስብ ማን አለ?

እኩለ ቀን ላይ ልናርፍ ኒሙ ሥር ስንቀመጥ ራዲዮኑ የመጪዎቹን አስር ቀናት ትንበያ ጀመረ። «በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቦታዎች የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይበረታል፤ ውርጭ...»

«ዝም በሉ!» አሉ አያ ሞላ። ዝም ብለን ነበር። «በቃ፣ የታረቀኝ ድንች አለቀለት!» ብለው ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ ጥርት ብሎ ወደሚይዝበት ኩይሳ ሮጡ። እኛም ስለ ድንቹ መወያየት ያዝን። ራዲዮኑ ቀጥሎ ስለ ምዕራብ ቆላ የሆነ ነገር አለ፤ መቼም ሙቀት ነው ብለን አለፍነው።

አያ ሞላ ኩይሳው ላይ ቆመው ይደውላሉ። ደንበኛው ሌላ ጥሪ ላይ ናቸው ትላለች ልጅቱ። ይደግማሉ። አሁንም ሌላ ጥሪ። «ውርጭ እየመጣበት ከማን ጋር ነው የሚያወጋው ይህ ልጅ!» ይላሉ። ልጁ የልጅ ልጅ አይቷል።

በዚህ መካከል የእኔ ስልክ ጮኸ። ታረቀኝ ነው፤ አንድ ጊዜ አያ ሞላ በእኔ ስልክ ደውለውለት ቁጥሬን ይዞት ኖሯል።

«ኧረ ያ ወንድሜ ከማን ጋር ነው እንዲህ ስልክ ላይ የተጣደው?» አለኝ በንዴት።

«ካንተ ጋር» አልሁት።

«ተወኝ እስቲ! ጣራው ተከድኗል ወይ? ራዲዮኑ ወደናንተ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ነው የሚለው!»

«አልተከደነም። ያንተ ድንችስ? ውርጭ ነው እኮ የተባለው።»

«የኛን አልሰማሁትም» አለ። «እኛ ዘንድ መቼም ብርድ ነው ብዬ።»

ቀና ብል በሱዳን በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ወደ ኩይሳው ሮጥሁ።

«አያ ሞላ፣ ዝናብ መጣ! ይውረዱ!»

«ቆይ አንተ፣ አሁን ሊጠራልኝ ነው።»

«ታረቀኝ ነው የነገረኝ!»

«ድንቹስ?»

«ሰምቷል፤ እሳት አጭሶ ውርጩን ይከላከላል።»

ያን ጊዜ ወረዱ። ጆንያውን እየተሻማን ወደ እኔ ቆርቆሮ ቤት ስናጋባ ዝናቡ ደረሰብን። አብዛኛው ዘር ተረፈ፤ ጥቂቱ እርጥበት ነካው። ዳባት ላይም ድንቹ ጭስ ሲታጠን አድሮ ዳነ። በማግስቱ ወንድማማቾቹ ተስማሙ፦ የየራስን ሰማይ መስማት ቀረ፤ አንዱ የሌላውን ሰምቶ ይደውላል። ብልህ ስምምነት ነው ብለን አደነቅን።

ቤቱን ከድነን ጨርሰን፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እርጥበት የነካውን ዘር ሸራ ላይ አስጥተን ኒሙ ሥር ተቀመጥን። ራዲዮኑ «በምዕራብ ቆላማ አካባቢዎች ከሰዓት በኋላ ዝናብ» አለ። በዚህ ጊዜ ሁላችንም ሰማን።

«ሰሙ፣ አያ ሞላ?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ዘሩን እንሰብስበው?»

«ታረቀኝ አልደወለም» አሉ።

ደመናው እየቀረበ መጣ። አያ ሞላ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ስልካቸውን ያያሉ። ድንገት ፊታቸው ተለወጠ። «ዝናብ ተብሎማ ሳይደውል የሚቀር ሰው አይደለም። ደህና ባይሆን ነው» አሉና ሰሊጣቸውን ትተው ወደ ኩይሳው ሮጡ። ምን እናድርግ? የሰውዬውን ዓመት እኛ በሸራ ጠቅልለን፣ እየተራገምን ተሸክመን አስገባንላቸው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚሉት እኛን የመሰለ ሞኝ ሲያገኙ መሆን አለበት።

አያ ሞላ በዝናብ በስብሰው፣ እየሳቁ ተመለሱ። «ደህና ነው! መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሞቶበት ነው፤ በጎረቤቱ ስልክ አገኘሁት» አሉ። ስለ ሰሊጡ አልጠየቁንም።

እኔም ቤቴ ገባሁ። በዚህ ሙቀት ደጅ ነው የምንተኛው፤ በገመድ የተጠለፈው አልጋዬ፣ አንገረቡ፣ ከነፍራሹ ግቢ ውስጥ ነበር። ፍራሹን ስጨምቀው ውኃው እንደ ምንጭ ወረደ። ራዲዮኑ ግን ጎጃም ደረቅ ነው ብሏል። እሱን በደንብ ሰምቻለሁ።