ሆዴ ውስጥ የተጠራው ደቦ

ሰነፍን የሚሳደብ ሰው ሆዱን ታሞ የማያውቅ ሰው ነው! አዎ፣ አትሳቁ... እኔም እስከ አምና ድረስ ሰነፍ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን ግን አንዳንድ ቦታ ሰነፍ ቢበዛ ይሻላል ባይ ሆኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣና ዳር ከባልደረቦቼ ጋር ተቀምጠን ጥሬ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ እናጣጥማለን። የባሕር ዳር ሰው ሆናችሁ «ጥሬ ዓሣ አይስማማኝም» ብትሉ፣ መታወቂያ አሳዩ የሚላችሁ አይጠፋም። እኔም እንዳልታማ ብዬ የራሴንም የሰውንም ድርሻ ጠራረግሁ። ሆዳም ፍቅር አያውቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ልክ አላውቅም። በማግስቱ ሆዴ እንደ ጀልባ ሞተር ማጓራት ጀመረ።

ሕመሙስ ባልከፋ... ክፋቱ እሑድ መድረሱ! እሑድ ዱርቤቴ ወርደን ለታናሽ ወንድሜ ሚስት ልንለምን፣ የሽማግሌዎቹ አፍ ሆኜ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። የልጅቱ አባት አቶ ታከለ ከዚህ በፊት የላክናቸውን ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ሸኝተዋል። አሁንም እንቢ ካሉ ለሌላ ሊድሯት ነው። ወንድሜ እህል መቅመስ ትቷል። እኔም ትቻለሁ፤ እሱ በፍቅር፣ እኔ በዓሣ።

ከክሊኒክ መድኃኒቴን ይዤ ስመለስ የባለቤቴ እህት ሰብለ ልትጠይቀኝ መጣች። ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ ለእሷ የሰው ሕመም ሁሉ የትምህርት መርጃ ነው።

«ጋሼ፣ ከዓሣው ጋር ሆድህ የገቡት ባክቴሪያዎች ደቦ ተጠራርተዋል» አለችኝ።

«ምን ሊያጭዱ?»

«አንተን! ጥቂቶቹ መርዝ ይሠራሉ። መርዙ አንጀትህን ሲያስቆጣው ነባሮቹ ባክቴሪያዎች ይባረራሉ፤ ቦታውና ምግቡ ለመጤዎቹ ይለቀቃል። ግን መርዝ መሥራት ጉልበት ይጨርሳል። ሠራተኛው ሲደክም፣ የማይሠራው ድግሱን እየበላ ይበዛል።»

«ደቦ ወጥቶ ጠላ ብቻ የሚጠጣ አለ በይኛ!»

«ሞልቷል! እነዚያ ከበዙ መርዙ ያንሳል፣ ደቦውም ይፈርሳል።»

«መርዘኞቹ ቢበረቱስ?»

«እነሱም አይጠቀሙም። ልክ አልፈው አንተን ከገደሉህ ቤታቸው በላያቸው ፈረሰ ማለት ነው።»

«አጽናናሽኝ!»

ከዚያ በኋላ ጸሎቴ አንድ ብቻ ሆነ፤ «አምላኬ ሆይ፣ ቤቴን በሰነፍ ሙላው!» ባለቤቴ ሰምታ፣ «አንተ አለህ አይደል? ሌላ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ።

እሑድ ትንሽ ሻል ብሎኝ ዱርቤቴ ገባን። መቸም ወጉን ታውቁታላችሁ፤ አማላጅ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሽ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። ደግሞ በቀጥታ አይለምንም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አገሩ ሰላም ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «ዝናቡ ዘንድሮ...» ስል፣ ለካ ሆዴ ውስጥ ጥቂት ታታሪዎች ቀርተው ኖረዋል! በላብ ተጠመቅሁ፣ እንባዬ ግጥም አለ።

«ኧረ አረፍ በሉ እንጅ» አሉ አቶ ታከለ።

«አልቀመጥም!» አልሁ። እውነቴን ነው፣ ብቀመጥ አለቀልኝ።

«እንግዲያው ጠላ እንኳ ቅመሱ።»

«አልቀምስም! ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን... አሁኑኑ! በማርያም!»

አብረውኝ የመጡት ሽማግሌዎች በድንጋጤ ተያዩ። አቶ ታከለ ግን ላቤን አዩ፣ እንባዬን አዩ።

«በዕድሜየ ስንት ሽማግሌ መልሻለሁ» አሉ፤ «ለወንድሙ እንዲህ የሚንሰፈሰፍ ግን አላየሁም። ሰጥቻለሁ!»

እልልታው ሲቀልጥ እኔ ጓሮ ነበርሁ።

ወንድሜ ዛሬ ባለትዳር ነው። እነዚያ ሰነፎች ጨርሰው አሸንፈው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ላጤ ነበር። ዝናዬም በአማላጅነት ተሰማና ሚስት የሚያጭ ሁሉ ደጄን ማንኳኳት ያዘ። ትናንት አንድ ጎረቤቴ መጥቶ፣ ስለ ልጁ ጨዋነት ብዙ ካወራኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመሆኑ... ሆድህ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፍጹም ጤነኛ ነኝ!»

ፊቱ ጠቆረ።

«እንግዲያስ ሌላ ሰው እንፈልጋለና» ብሎ ኮፍያውን አነሣ።