ሠራዊት የደመሰሰች «ን»

በጦርነት ወሬ ውስጥ እንደ «ወሬ ነጋሪ» የሚገርመኝ ፍጡር የለም። ሬዲዮው «ጠላት ወሬ ነጋሪ እንኳ ሳይተርፍ ተደመሰሰ» ይላል። እሺ ይሁን፤ ግን ወሬ ነጋሪ ካልተረፈ ለሬዲዮው ማን ነገረው? ይህን ጥያቄ በልቤ እንጂ በአፌ ጠይቄው አላውቅም። እንጀራዬ ነበራ! በድንበሩ ጦርነት ዘመን፣ ሶዶ ከተማ ውስጥ፣ ስሙ ይቅርና በአንድ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ከሬዲዮ የሰማሁትን ድል መጻፍ፣ በታይፕ ማስመታት፣ ከዚያም በየገበያው እየዞርኩ በድምፅ ማጉያ ማንበብ ነበር። ባጭሩ ወሬ ነጋሪው እኔ ነኝ፤ እንደምታዩኝም ተርፌያለሁ። እንዴት እንደተረፍኩ ላውጋችሁ።

እቤታችን የምንነጋገረው ወላይትኛ ነው። አማርኛን ያገኘኋት በጠመኔና በአለንጋ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በአለንጋ የተገኘ ነገር ደግሞ ይከበራል፤ ስለዚህ በሰዋስው ጉዳይ እንደ እኔ ቁጡ ሰው በመሥሪያ ቤቱ አልነበረም። ያን ዕለት ታይፒስታችን «ሠራዊታችን ጠላት ደመሰሰ» ብላ መትታ አመጣችልኝ። ደሜ ፈላ። ማን ማንን? «ን» የታለች? ውጭ ወደ ሻንቶ ገበያ የሚወስደኝ መኪና ሞተሩ ተነስቶ ሾፌሩ ጥሩምባውን ያስጮኸዋል። ቆሜ እንዳለሁ ሰማያዊ እስክሪብቶዬን መዝዤ አንዲት «ን» ሰካሁና ሮጥኩ። መሰካቴን እንጂ የት እንደሰካኋት ልብ አላልኩም።

ሻንቶ ገበያው ደምቋል። መኪናው ላይ ወጣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እዚህ ላይ የሙያ ምስጢር ልንገራችሁ፤ ዜና አንባቢ የሚያነበውን አይሰማም፣ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው። እኔም ድምፄ እያማረኝ፣ «ሠራዊታችንን ጠላት ደመሰሰ! ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም!» ብዬ አስተጋባሁ።

ገበያተኛው አጨበጨበ። ምን ያድርግ? ድምፅ ማጉያ ተናግሮ ሲያበቃ ይጨበጨባል፤ ልማዱ ነው። ያላጨበጨበች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ጎደሬ የምትሸጠው የጴጥሮስ እናት። ጴጥሮስ አንድ ልጇ ነው፤ ከዘመተ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ደብዳቤም አልመጣ። ጎደሬዋን ረግጣ መጥታ የሱሪዬን እግር ያዘችና ጴጥሮስ የት ነች፣ ከደመሰሰው ነች ወይስ ከተደመሰሰው ብላ ጮኸችብኝ።

የጴጥሮስ እናት አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። ሌላ ቀን ቢሆን አርማት ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔን ወደ ወረቀቱ ስመልስ «ን»ዋ ከ«ጠላት» ላይ መቀመጧን ትታ ከ«ሠራዊታችን» ጫፍ ላይ ጉብ ብላለች። እሷ ወንዱን ሴት ብታደርገው ማን ሞተ? እኔ በአንዲት ፊደል አንድ ሠራዊት ጨረስኩ! ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ በድምፅ ማጉያ የወጣ ደግሞ አፋፉንም ተሻግሮ የት እንደሚደርስ አስቡት።

«ማስተካከያ!» ብዬ ጮህኩ። «ን»ዋን ወደ ቦታዋ መልሼ ድሉን እንደገና አነበብኩ። ገበያተኛው አሁንም አጨበጨበ፤ ለሽንፈታችንም ለድላችንም እኩል ነው ያጨበጨበው። የጴጥሮስ እናት ግን ሱሪዬን አልለቀቀችም። እውነቱ አሁን ያልሽው ነው ወይስ ቅድም ያልሽው ብላ ጠየቀችኝ። እኔንም ሴት አድርጋኛለች። ቅር አላለኝም፤ ሾፌሩን ቶሎ ንዳ አልኩት እንጂ።

በማግስቱ ግምገማ ተጠራሁ። ያንን ዘመን የሚያውቅ ግምገማ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የማያውቅ ዕድለኛ ነው። ከዚያች ክፍል ወጥቶ ቤቱ ሳይደርስ ወራት የቆየ ሰው አውቃለሁ። ሚስቴ ጠዋት ስትሸኘኝ ሹራብ በሹራብ ላይ አስደርባኛለች፤ ብርድ ስለነበረ አይደለም። ሰብሳቢው ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ከዚህች «ን» በስተጀርባ ማን እንዳለ እንድገልጽ ጠየቀኝ። ከ«ን»ዋ በስተጀርባ ያለው «ጠላት» የሚለው ቃል ነበር። ይህን ብናገር ዛሬ አብረን ባላወጋን።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ታይፒስቷ ናት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የልጆች እናት መሆኗን እያወቅሁ! ያዳናት የእኔ ጨዋነት አይደለም፤ «ን»ዋ በሰማያዊ እስክሪብቶ መጻፏ ነው። እስክሪብቶው ደግሞ ከደረት ኪሴ ብቅ ብሎ ሰብሳቢውን ያያል።

ሰብሳቢው ስለ ዓላማዬ መጠየቅ ሲጀምር በሩ ተከፈተ። የጴጥሮስ እናት ናት፤ ከሻንቶ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታለች። ማንም ቁጭ በይ ሳይላት ቁጭ አለችና ልጇን ጠየቀች። ሰብሳቢው ወሬው ስህተት እንደነበር፣ ማስተካከያም እንደተሰጠ በትሕትና አስረዳት። ጭንቅላቷን እየነቀነቀች አዳመጠችው። ከዚያ፣ በማስተካከያው ውስጥ ጴጥሮስ አለች ወይ አለችው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ጣሪያው። በድል ዜና ውስጥ ስንት ጠላት እንደሞተ አንድ ሳይጎድል ይነገራል፤ የእኛ ልጅ ግን በየትኛውም መስመር ሞቶም ቆስሎም አያውቅም። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ ጮክ ብላ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ሰብሳቢው ሳል ሳለ፣ ውሃ ጠጣ፤ ስለ ዓላማዬም ዳግመኛ አልጠየቀኝም። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ለወደፊቱም ዜናው «ድል ተገኘ» እየተባለ ብቻ እንዲጻፍ ተወሰነ። ማን አገኘው የለ፣ ከማን ላይ የለ፤ «ን» የምትገባበት ቀዳዳ የለውም። አዋቂ ሰው ነው ያሰበው።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ድል አገኘን፣ የጴጥሮስ እናትም በየገበያው ቀን ጎደሬዋን ትታ ከመኪናው ስር ትቆማለች። ምንም አትጠይቅም፤ ታየኛለች። እመኑኝ፣ ግምገማው ይሻለኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ደብዳቤ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ማንበብ አትችልም፤ ከአገሩ ሰው ሁሉ እኔን መርጣ መጣች። ፖስታውን ቀደድኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማነበውን እየሰማሁ አነበብኩ። ጴጥሮስ በሕይወት አለ! የተጻፈበትን ቀን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ከዚያ ከሻንቶው ሽንፈቴ በኋላ የተጻፈ ነው። እናቱ ወለሉ ላይ ተንበርክካ በወላይትኛ አምላኳን አመሰገነች። እኔም ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ግርጌው ላይ ሁለት መስመር ቀርቶ ነበር። እኛ ባለንበት ምሽግ ሬዲዮ የለም ይላል፤ ከጭስ በቀር የምናየው የለም፤ እናንተ ዜና ስለምትሰሙ ማን ማንን እንዳሸነፈ ጻፉልን።

የተረፈው ወሬ ነጋሪ ወሬውን የሚጠይቀው እኛን ነው ማለት ነው። እናቱ እንባዋን ጠራርጋ፣ በይ ጻፊላት አለችኝ። እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በሩ መዘጋቱን አየሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ድል ተገኝቷል። ያገኘው ማን እንደሆነ ግን፣ አንተ ቅርብ ስለሆንክ አጣርተህ ጻፍልን።»