አቶ ሃራላምቢዬና የጣቢያው ሾርባ

የዚያን ቅዳሜ ዝናብም በረዶም ያልሆነ ነገር ይወርድ ነበር። ሐዲዱ ላይ ሲያርፍ ውሃ፣ ኮት ላይ ሲያርፍ በረዶ ይሆናል። ባቡሮቹ ሁሉ ዘግይተው መንገደኛው እኛ ምግብ ቤት ውስጥ ታጭቋል፤ ቤቱ እርጥብ ሱፍ ይሸታል።

በየትኛውም ትልቅ ባቡር ጣቢያ፣ ያየው ነገር ሁሉ የሚያስደነግጠው አንድ መንገደኛ አይጠፋም። ሌላው ሰው ሊሳፈር ይመጣል፣ እሱ ሊደነግጥ ይመጣል። የኛው ክቡር አቶ ሃራላምቢዬ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ እህታቸውን ለመጠየቅ ወደ ቡዘው ከተማ ይሄዳሉ። ባቡራቸው ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሳቸው ግን በጠዋት ይደርሳሉ። መደንገጥ ጊዜ ይፈልጋላ!

መጀመሪያ ሽንት ቤት ይገባሉ። ሲወጡ ከቀብር እንደሚመለስ ሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ደነገጥኩ! እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ! አንድ ሌይ ከፍዬ ገባሁ። ወረቀት የለም፣ ሳሙና የለም፣ መቀርቀሪያ የለም። ያለችው ሌይ የምትቀበለዋ ሴትዮ ብቻ ነች!»

ቀጥሎ መጠበቂያው ክፍል ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚሞተው በሁለት በር መካከል በሚያልፍ ነፋስ ነው፤ ሌላው በሽታ ሰበብ ነው። ስለዚህ በበጋ ሙቀት፣ ላባችን ሲንጠፈጠፍ እንኳ፣ በሩን ሁሉ እየዞሩ ይዘጋሉ። «ማነው ጆሮዬን ሊገድለው የፈለገ?» ይላሉ።

ከዚያ ወደኛ ይመጣሉ። ሾርባውን የምትሠራው እትዬ ፓራስኪቫ ነበረች፤ የጨጓራ ሾርባ፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮምጣጤ። እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ አቀርባለሁ። አቶ ሃራላምቢዬ አንዴ ይቀምሱና ማንኪያውን ያስቀምጡታል።

«ፓራስኪቫ! ጨው አነሰው!»

«ጨው ያነሰው አፍህ ነው፣ አንተ ሽማግሌ!» ትላለች ከጓዳ፣ ጭልፋዋን እያወዛወዘች።

«ደነገጥኩ!»

«ደንግጠህ ሙትልኝና ልረፍ!»

ከዚያ ሳህኑን በዳቦ ጠርገው ይጨርሱታል። ጨው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ሲጨምሩ ግን አላየሁም።

በመጸው እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ገቡና ጠፉ። እሳቸው እዚያ ተኝተው ሳለ እትዬ ፓራስኪቫ ሞተች። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። አርባዋን የማወጣላት እኔ ብቻ ቀረሁ። አሠሪያችን ፈቃድ ስለከለከለኝ እዚያው ጣቢያ ላወጣው ወሰንኩ። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ አዲስ ሳህን፣ አዲስ ማንኪያ፣ የበራ ሻማ። ተቀባዩ ይበላል፣ «ነፍስ ይማር» ይላል፣ ሳህኑን ይዞ ይሄዳል። እዚህ የሚበላላት ካላገኘች እሷ እዚያ ማዶ ጾሟን ትቀራለች። ደግሞም የሟች ምግብ አይነቀፍም፤ የነቀፈው ሰው ከሟች አፍ እንደ ነጠቀ ነው።

ያን ዝናባማ ቅዳሜ ሾርባውን በእሷ አሠራር ሠራሁ። ሻማውን ዳቦ ላይ ተክዬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። ጣቢያ ነው እንግዲህ፣ ማን ከማያውቀው ሰው ይቀበላል?

«እኔ ከቤት ቋጥሬ መጥቻለሁ እህቴ» አለችኝ አንዷ፣ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠች።

«ስንት ነው?» አለኝ አጠገቧ ያለው ሰውዬ። አይከፈልበትም ስለው ጭራሽ ፈርቶ ሻንጣውን አንስቶ ወጣ።

ሻማው እያለቀ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ፣ እኔም እንባዬ እየመጣ ሳለ በሩ ተከፈተ። «በሩን ዝጉት!» እያሉ የከፈቱት ራሳቸው ገቡ፤ አቶ ሃራላምቢዬ፣ ከነከዘራቸው።

ከሰው ዘር ሁሉ የቀሩኝ እኚህ!

«ፓራስኪቫ የት አለች? ሽንት ቤቱን አይቼው መጣሁ፤ ደነገ...»

ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ። «ለእትዬ ፓራስኪቫ ነፍስ ነው፣ አቶ ሃራላምቢዬ። ዛሬ አርባዋ ነው። እባክዎ፣ ዛሬን ብቻ ክፉ አይናገሩብኝ።»

ሻማውን አዩ። ጓዳውን አዩ። ያ ቃላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የምር ሲያስፈልጋቸው አልወጣ አላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ። እስከ መጨረሻው በሉ፣ በዳቦ ጠረጉት። «ነፍስ ይማር» አሉ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ ቀና ብለው፣ ሰዉ ሁሉ እስኪዞር ድረስ ወደ ጓዳው ጮኹ፤

«ፓራስኪቫ! ጨው አነሰው!»

ክው አልኩ። እንቁላል የምትልጠው ሴትዮ አማተበች።

«ምነው አቶ ሃራላምቢዬ! በሟች ምግብ?»

«ታዲያ ማን እንደበላላት በምን ትወቅ?» አሉኝ። «ነፍስ ይማርማ ማንም ይላል።»

ጆሯቸው አሁንም ወደ ጓዳው ነው። ጓዳው ዝም። ያን ዝምታ አልቻልኩትም፤ ገብቼ ጭልፋዋን አነሳሁ።

«ጨው ያነሰው አፍዎ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «አንተ ሽማግሌ» ለማለት አልደፈርኩም።

«ደነገጥኩ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሳህኑን በጋዜጣ ጠቅልለው ወሰዱት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘውት ይመጣሉ፤ የኛ ሳህን ያስደነግጣቸዋል አሉ። ዛሬም በጠዋት ደርሰዋል። ነፋስ የማይደርስበት ጠረጴዛ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ጓዳው አድርገው ተቀምጠዋል።