ቨርሊን ባለሚዛን ለእናታቸው ማረፊያ ቤት እንደ መረጡ

ኃያሉ፣ ታጋሹ፣ ባለ ድርብ ጓንቱ ቨርሊን ሃውገን፣ የእህል ጎተራው የመኪና ሚዛን ሹም ሆነው ሠላሳ አንድ ዓመት የገዙት፣ ሮክሳንን ባገቡ በሠላሳ አራተኛው፣ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባቸውን ሸጠው ባለቀሱ በሦስተኛው፣ የግራ ጉልበታቸው በብረት በተተካ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ የሚኒሶታ በረዶ ግማሹ ቀልጦ ግማሹ ገና በየመንገዱ ዳር ጠቁሮ ተቆልሎ ሳለ፣ ለእናታቸው ለእመቤት አርዲስ የአረጋውያን ማረፊያ ቤት ሊመርጡ ተነሡ። ይህን የምጽፈው እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። በዘመቻው ሁሉ ከመኪናው የኋላ ወንበር ከውሻው ጎን ተቀምጬ ነበርና ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትን የነገረኝ ፖስተኛው ነው፤ እርሱም አይዋሽም።

የዘመቻው መነሻ እንዲህ ነው። በወርኃ ጥር እመቤት አርዲስ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመት ባልቴት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የወጥ ቤት አዛዥ የነበሩት፣ ደብዳቤ መጥቶ እንደ ሆነ ለማየት ወደ ፖስታ ሣጥናቸው ሲሄዱ በረዶ አንሸራቷቸው በጀርባቸው ወደቁ፤ የግራ እጃቸው አንጓም ተሰበረ። ፖስተኛው ሲደርስ ተጋድመው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ አገኛቸው። “ወይዘሮ አርዲስ፣ ደህና ነዎት?” ቢላቸው “ደህና ነኝ፣ አንተ ሥራህን ሥራ” አሉት። “የምርዎትን ነው?” ቢላቸው “አዎ፣ ብቻ ዛሬ በረድ ብሏል” አሉት። በሦስተኛው “ላንሳዎት እንዴ?” ሲላቸው “እንግዲህ ካላስቸገርኩህ” ብለው ደህናውን እጃቸውን ሰጡት። ፖስተኛው የአገሩ ልጅ ስለ ነበረ ሦስቴ መጠየቅን ያውቅ ነበር። በዚያ አገር የመጀመሪያው እንቢታ ሰላምታ ነው፤ ሁለተኛው ጨዋነት ነው፤ መልስ የሚባለው ሦስተኛው ብቻ ነው።

ወእምዝ ሐኪሙ ዐወጀ፤ “ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር አይችሉም። መድኃኒት የሚያስታውሳቸው፣ ሲታጠቡ የሚደግፋቸው፣ ምግብ የሚያቀርብላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።” ቨርሊንም እንደ መልካም ልጅ ከአልጋው ራስጌ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው “እማዬ፣ እኛ ጋ ትመጪያለሽ?” ብለው ጠየቁ፤ እመቤት አርዲስም “አይ፣ እናንተን ማስቸገር አልፈልግም” ብለው መለሱ፤ ቨርሊንም የእናታቸውን ቃል አክብረው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ፤ ፊታቸውንም ወደ ታላቁ ሥራ አዞሩ።

በአውራጃው ሁለት ማረፊያ ቤቶች ነበሩ። አንደኛው ሐይቅ ዳር ይባላል፤ በደጁ ፏፏቴ፣ በአዳራሹ ባለ ብዙ ክንድ መብራት፣ ከመብራቱም በታች ማንም የማይነካው ፒያኖ አለው። ሁለተኛው ሜዳው ይባላል፤ ዙሪያው የበቆሎ ማሳ ነው፤ ከበሩ ሲገቡ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል፤ በመስተዋት ገንዳውም ውስጥ አንድ ዓሣ ብቻ፣ እርሱም የሰለቸው፣ ይዞራል። እመቤት አርዲስ የትኛውን እንደሚወዱ ቢጠየቁ “አንተ ደስ ያለህ” ብለው መለሱ። ስለዚህ ቨርሊን ወላጆቻቸውን በእነዚህ ቤቶች ያኖሩ ቤተሰቦችን ቃል ሰብስበው ሊመዝኑ ቈረጡ።

የዘመቻውም ሠራዊት ይህ ነበረ፤ በመጀመሪያ ቨርሊን ራሳቸው፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው የዘር ኩባንያ ደብተር በብብታቸው፤ ቀጥሎ ወይዘሮ ሮክሳን፣ የቴርሞሱ አዛዥ፤ ከዚያ እኔ ጸሐፊው፤ በመጨረሻም ፔፐር የተባለው ውሻ፣ ሹመት የሌለው ነገር ግን ከሁላችን ይልቅ የሚከበረው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወረድን። በዚያም ሕዝቡ ድንችና የተፈጨ ሥጋ አብሮ የተጋገረበትን ትሪ ከቦ፣ የጽዋው ሥር ወለል ብሎ የሚታይበትን ቡናውን ይጠጣ ነበር።

ቨርሊን የሰው ቃል የሚመዝኑት እህል በሚመዝኑበት ሕግ ነው። በጎተራው መኪናው ከነጭነቱ ይመዘናል፤ እህሉን አራግፎ ሲመለስ ባዶውን ይመዘናል፤ ባዶው ከሙሉው ሲቀነስ የሚቀረው እህል ነው። ሰውም ስለ እናቱ ሲናገር ከእህሉ ጋር የራሱን ብረት ይጭናል፤ ጸጸቱን፣ ኩራቱን፣ ከእኅቶቹ ጋር ያለውን ኩርፊያ። ያን መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን ሕግ ሮክሳን ሰምታ “እስቲ ይሁና” አለች።

ቀዳማዊው ምስክር ከርቲስ ስሌተን ነበር፤ እናቱ ሐይቅ ዳር ናቸው። “ቤተ መንግሥት ነው ስልህ! መብራቱን ብታየው! ፒያኖም አለ!” አለ። ቨርሊንም “ስንት ጊዜ ትሄዳለህ?” ብለው ጠየቁት። ከርቲስ ሹካውን እያየ “ለገና እሄዳለሁ… ለእናቶች ቀንም እሄዳለሁ። መንገዱ ሩቅ ነው እኮ” አለ። መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነው። ቨርሊን ባዶውን ከሙሉው ቀነሱ፤ በደብተሩም ላይ “መብራት” የሚል አንድ ቃል ቀረ።

ካልኣይቱ ምስክር ደሎሪስ ናት፤ እናቷን ሜዳው አስገብታ በየቀኑ የምትሄድ። አፏን ስትከፍት ለሩብ ሰዓት አልዘጋችውም። “ካልሲዋ ጠፋባቸው! ሹራቧን ሌላ ሴትዮ ለብሳው አገኘኋት! ጎመኑ ደግሞ፣ ቨርሊን ሙት፣ ጎመኑ መጋረጃው ውስጥ ገብቷል!” እያለች የእጇን ጣቶች ጨርሳ የባሏን ጣቶች ስትቈጥር፣ ቨርሊን በእርጋታ “ታዲያ ለምን አታወጫትም?” አሏት። ደሎሪስም ደንግጣ “ምን ሆኛለሁ ብዬ? ክፉ ቦታ እኮ አይደለም!” አለች። በዚያ አገር ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። ሙሽራውም ስለ ሙሽራይቱ፣ ሐኪሙም ስለ ዳነው በሽተኛ፣ ገበሬውም በዕድሜው አንዴ ስላየው መልካም አዝመራ የሚለው ይህንኑ ነው። ቨርሊን ከቃሉ በታች ሁለት ጊዜ አሰመሩ።

ሣልሲቱ ምስክር ላቮን ብሬኪ፣ ግዙፍና ዝምተኛ ሴት፣ አባቷን ፓልመርን ሐይቅ ዳር ያኖረች ናት። ስለ ቤቱ ብትጠየቅ ብዙ ካሰበች በኋላ “ለየት ያለ ቦታ ነው” አለች። ገበታው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ይህ ሕዝብ በማንም ላይ ክፉ አይናገርምና፣ ውሻ የተጸየፈው ምግብ፣ ጣራው የሚያፈስ ቤት፣ ከሰርጉ ዕለት የጠፋ አማች ሲያጋጥመው “ለየት ያለ ነው” ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ስድብ የለውም። ቨርሊንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ምን ሆኑ?” አሏት።

“ምግብ የምታቀርበው ልጅ በየምሳው ይጨመርልዎት ወይ ትለዋለች” አለች ላቮን። “አባቴ አይ በቃኝ ይላል። ሳህኑን ታነሣለች። ኬክ ይፈልጋሉ ትለዋለች፣ አይ አመሰግናለሁ ይላል፣ ኬኩም ይሄዳል። በአምስት ወር ሱሪው ከወገቡ ወረደ። ማንንም አልወቅስም፤ ጠይቀውታል እኮ። ግን አንዴ ነው የሚጠይቁት። አባቴ በጨዋነት ተርቦ ነው የከሳው።” ይህን ብላ ቡናዋን ጠጣች።

ቨርሊን ከዚህ ቃል የሚቀንሱት ብረት አላገኙም። እናታቸውን አሰቡ። እመቤት አርዲስ ተወልደው እስኪሸብቱ አንድም ነገር በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብለው አያውቁም፤ ነፍሳቸውን ይማርና ባላቸው ኦርቪል እንኳ አግቢኝ ያሉት ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛውም ጎማ ሲቀይሩ ነበር። እኒህን ሴት አንዴ ብቻ በሚጠይቅ ቤት ማስገባት ከሙሉ ማዕድ ፊት ቁጭ አድርጎ መግደል ነው። ቨርሊን ወዲያው ተነሥተው በትሪዎቹ መካከል ዐወጁ፤ “ሁለቱም ቤት ገብተን ምሳ እንበላለን። ጥያቄውን እቈጥራለሁ!”

በማግሥቱ እመቤት አርዲስን ይዘን ወደ ሐይቅ ዳር ዘመትን። በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ገበታ አስቀመጡን። አንዲት ቈንጆ ልጅ የፖም ኬክ ይዛ መጥታ “ኬክ ይፈልጋሉ?” አለች፤ እመቤት አርዲስም ኬኩን በዓይናቸው እየሳሙ “አይ፣ አመሰግናለሁ” አሉ። ልጅቷም በጨዋ ፈገግታ ዞራ ሄደች፤ ኬኩም ከባለ ብዙ ክንዱ መብራት ሥር አልፎ ላይመለስ ሄደ። ቨርሊን በደብተራቸው ላይ “አንድ” ብለው ጻፉ፤ እርሳሱም ተሰበረ።

በሣልስቱ ሜዳው ገባን። ጎመኑ እንደ ተባለው ነበር። ከላይቤሪያ የመጣች ሙሱ የምትባል ሴት፣ ክንዷ የወፈረ ሳቋ የሚሰማ፣ ኬኩን ይዛ መጣች። “እማማ፣ ላቅርብልዎት?” “አይ፣ ጠግቤያለሁ።” “ትንሽ፣ ከዳሩ ብቻ?” “አይ አይ፣ ሌሎቹን አስተናግጂ።” ቨርሊን በጠረጴዛው ሥር ጣታቸውን እያጠፉ ይቈጥሩ ነበር፤ ሮክሳንም ጸሎት የምታደርስ ትመስል ነበር። ሙሱ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። “እማማ፣ እኔ አገርም እኮ መጀመሪያ እሺ የሚል የለም፤ ያሳፍራል። አሁን ሦስተኛዬ ነው፤ ዐራተኛውን አልጠይቅም፣ አጐርስዎታለሁ!” እመቤት አርዲስ ከወደቁበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። “እንግዲህ እንዳይጣል ከሆነ” አሉና ሁለት ቍራሽ በሉ፤ የሦስተኛውንም ፍርፋሪ በጣታቸው ለቀሙ።

ድሉም ተፈጸመ። ወደ ቤት ስንመለስ ቨርሊን መሪውን እንደ በትረ መንግሥት ይዘው፣ እናታቸው በጎናቸው፣ ሮክሳንና እኔ ፔፐርን አቅፈን ከኋላ፣ በማሳዎቹ መካከል ሁሉ ዐዋጃቸውን አሰሙ፤ “ስሙ! አንዴ የጠየቀ አልጠየቀም! እያለፈ ድምፅ ነው ያሰማው! ሰው ማለት ሁለተኛውን የሚጠይቅ ነው፤ ይህንን ያወቅሁ እኔ ነኝ!” ሮክሳን አጨበጨበች፤ እኔም ጻፍሁ። እመቤት አርዲስ ግን በመስኮቱ የሚቀልጠውን በረዶ እያዩ ቆዩ።

“ልክ ነህ” አሉ በመጨረሻ። “አንዴ ጠይቆ መተው…” ብለው ቃል ፈለጉ፤ “…ለየት ያለ ነው።”

የሮክሳን እጆች እንደ ተጋጠሙ ቀሩ። ቨርሊን አንገታቸው እስከ ጆሮአቸው ቀላ። መኪናው ሦስት ማሳ አለፈ። ከዚያ ባለሚዛኑ መሪውን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ነበርና ወደ ጎተራቸው ግቢ ገብተው፣ እኛን ሁሉ ከነውሻው እንደ ጫኑ፣ በመኪና ሚዛኑ ላይ ቆሙ። ሞተሩን አጠፉ፤ ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

“እማዬ፣ እኛ ጋ ብትኖሪስ?” አሉ።

“አይ፣ ቦታም የላችሁ” አሉ እመቤት አርዲስ።

በጥር አንድ፣ አሁን ሁለት፤ እነሆ ሦስተኛው ቀረ፤ ሦስተኛው ደግሞ መልስ ነው፤ የተመለሰውን መቀበል ግድ ነው። ሮክሳን እስትንፋሷን ያዘች፤ በየትኛው ፍርሃት እንደ ያዘች አልመዝንም፣ ጎረቤቴ ናት። ቨርሊን መሪውን እያዩ፣ በዐዋጅ ድምፅ ሳይሆን በቀጠነ ድምፅ፣ “እውነቴን ነው እማዬ። ላይኛው ክፍል ባዶውን ነው። እሺ በይኝ እንጂ ነገውኑ ዕቃሽን አመጣዋለሁ” አሉ።

እመቤት አርዲስ በደህናው እጃቸው የልጃቸውን ጉልበት፣ ብረት የገባበትን፣ ያዙ። “አልመጣም” አሉ። “ደረጃችሁ ዐሥራ አራት ነው። ሮክሳን፣ ሬዲዮሽ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ያ ውሻ ደግሞ አልጋ ላይ ይወጣል። ሙሱ ጋ ነው የምገባው፤ አሁን ያልሁት እውነተኛው ‘አይ’ ነው።” ደግሞም “ሁለተኛውን ግን ከጥር ጀምሮ ስጠብቀው ነበር” አሉ።

ቨርሊንም ጀልባቸውን በሸጡበት ቀን ካለቀሱት ይልቅ አለቀሱ፤ ውሻውም ከኋላ ተንጠራርቶ ጆሯቸውን ላሰ። እኔም ደብተሬን ከደንሁ፤ የሚዛኑንም ቍጥር አላየሁም።

ስለዚህ ሐይቅ ዳርን በአንድ ኬክ ድል የነሡት፣ የከርቲስን መብራት ያጠፉት፣ የደሎሪስን ጎመን የመረመሩት፣ የሰውን ሁሉ ብረት ቀንሰው የራሳቸውን ከዐሥራ አንድ ሳምንት በኋላ የቀነሱት ቨርሊን ሃውገን ስማቸው ከምድር ቤት እስከ ጎተራ ይክበር። ሌሎች ኃያላን አንበሳ፣ ፀሐይ፣ አሸናፊ ተብለዋል። እኒህን ግን እናታቸው ከመኪናው ሲወርዱ፣ ክንዳቸውን ተደግፈው፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ በዚያ አገር ከቶ በማይበለጠው ማዕረግ ሾሟቸው፤ “ክፉ ልጅ አይደለህም።”